ዓርብ ማታ የማይመለስ ተማሪ

 

ባለፈው እትም ባልና ሚስት ስለ ገንዘብ እንዴት በግልጽ ሊነጋገሩ እንደሚገባ ተመካክረን ነበር። ዛሬ ደግሞ ከእናንተ ከሚደርሱን ጥያቄዎች መካከል ደጋግሞ የሚመጣውን አንዱን እናነሣለን። ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «ልጃችን ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ልትሄድ ነው፤ ምን እናዘጋጅላት?»

ለዚህ ጥያቄ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ መልስ አለው። አንዱ ወፍራም ካፖርት ይላል፤ ሌላው ሽሮና በርበሬ እንዳይረሳ ያሳስባል፤ ሦስተኛው የሻንጣውን ኪሎ ይመዝናል። ሁሉም ልክ ናቸው። እኔ ግን ጥያቄውን ትንሽ ላዙረው፦ እኛ ወላጆችስ ምን እንዘጋጅ? የሚሄደው ልጅ ብቻ እየተዘጋጀ የሚቀረው ቤተሰብ ሳይዘጋጅ ቢቀር፣ ሸክሙ ከሻንጣው ጋር አብሮ ተጭኖ ይሄዳል።

መላክን እናውቃለን

ከኒሯቅ ሆና ስለ ውጭ አገር ትምህርት የምትጽፍ ሴት ምን ታውቃለች የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ከዚህ ከአበርገሌ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሩቅ ነው። ይሁን እንጂ ልጅን ለትምህርት ከቤት መላክ ለአካባቢያችን አዲስ ነገር አይደለም። የገጠር ቀበሌ ልጆች ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ ወደ ከተማ ይመጣሉ። ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ዓርብ ከትምህርት በኋላ በእግራቸው ወደ ቤተሰባቸው ይሄዱና እሑድ ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። እናት እንጀራውን ጋግራ፣ ድርቆሹን አድርቃ፣ ቆሎውን ቆልታ ትሸኛለች።

ከዚያም በፊት አያቶቻችን የቆሎ ተማሪ ያውቁ ነበር። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከዋግና ከላስታ ተነሥቶ እስከ ጎንደርና ጎጃም ድረስ የኔታ ፍለጋ የሚሄደው ልጅ ብዙ ጊዜ እናቱን እንኳ ሳይሰናበት ነበር የሚጠፋው፤ ከተሰናበታት አትለቀውምና። ዓመታት አልፈው ተምሮ ሲመጣ እናቱ ላታውቀው ትችላለች።

እነዚህን ሁለት ተማሪዎች እስቲ አስተያዩአቸው። በየሳምንቱ የሚመለሰው ልጅ ለእናቱ ብዙ መናገር አያስፈልገውም። መክሳቱን ታያለች። ጫማው መቀደዱን ታያለች። ዝም ካለም አንድ ነገር እንዳለ ታውቃለች። በሳምንቱ ውስጥ የተበላሸው ሁሉ ዓርብ ማታ እሳት ዳር ይጠገናል። ውጭ አገር የሚሄደው ልጅ ግን ዓርብ ማታ አይመለስም። ቀድሞ ዓይን ያይ የነበረውን ሁሉ አሁን አፍ መናገር አለበት። እኛ ደግሞ በመነጋገር የታወቅን ሕዝብ አይደለንም፤ ይሉኝታችን ብዙ ነው። ስለዚህ የዛሬው ምክሬ አንድ ብቻ ነው፦ ልጁ ሳይሄድ፣ ገና በአንድ ማዕድ ሳላችሁ፣ መነገር ያለበትን ተነጋገሩ። ምን ምን እንደሆነ አንድ በአንድ እንመልከት።

1. ለምን እንደሚሄድ

መጀመሪያ መነሣት ያለበት ጥያቄ «ትምህርት ነው ወይስ መውጣት?» የሚለው ነው። ጥያቄው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። የአገራችን ወላጅ ዓይኑን ወደ ውጭ ለምን እንደሚያነሣ እናውቃለን። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆነ። በኛ ዞን ደግሞ የጦርነቱ ዓመታት አሉ። ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ የኒሯቅ ሰው ወደ ሰቆጣ ተፈናቅሎ የልጆቹ ዓመታት ባክነዋል። ይህን ያየ ወላጅ «በየትም በኩል ብቻ ይውጣልኝ» ቢል አይፈረድበትም።

ነገር ግን «መውጣት» በ«ትምህርት» ስም ሲሸፈን ልጁ መሐል ላይ ይቀራል። የተማሪ ቪዛ የመማሪያ ቪዛ ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ የተማሪ ቪዛ የያዘ ሰው በትምህርት ወቅት ሊሠራ የሚፈቀድለት በግቢው ውስጥ፣ በሳምንት ከ20 ሰዓት ያልበለጠ ነው። ትምህርቱን ጥሎ ሥራ የገባ ተማሪ ትምህርቱን ብቻ ሳይሆን በሕግ የመኖር መብቱንም ያጣል። ስለዚህ አባትና እናት መጀመሪያ እርስ በርሳችሁ፣ ከዚያም ከልጃችሁ ጋር ሆናችሁ እውነቱን አውጡት። ልጁ ምን መማር ይፈልጋል? ያን ትምህርት አገር ቤት ማግኘት አይቻልም ወይ? ዕድሉ ባይገኝስ ምን እናደርጋለን? «ባይገኝስ» የሚለው ጥያቄ መልስ የሌለው ቤት ለደላላ የተከፈተ ቤት ነው።

ስለ ደላላ ካነሣን ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ እንደ ቱርክ መንግሥት ቱርኪዬ ቡርስላሪና እንደ ሃንጋሪ መንግሥት ስቲፔንዲዩም ሁንጋሪኩም ያሉ የታወቁ ነጻ የትምህርት ዕድሎች ለማመልከቻ ገንዘብ አይጠይቁም፤ ተማሪው ራሱ በኢንተርኔት ያመለክታል። «ስኮላርሺፕ አስወጣለሁ» ብሎ በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ብር የሚጠይቅ ሰው የሚሸጠው የእናንተን አለማወቅ ነው። ሁለተኛ፣ ቪዛ ሊያረጋግጥላችሁ የሚችል ደላላ የለም፤ ቪዛ የሚሰጠው ወይም የሚከለክለው የአገሩ መንግሥት ነው። ሦስተኛውና ለኛ ለአማኞች ከሁሉ የሚከብደው የሐሰት ሰነድ ነው። ከዘመድ ተበድሮ ለሁለት ሳምንት ባንክ ውስጥ የተቀመጠ ብር «የቤተሰቡ ሀብት» ተብሎ ሲቀርብ ብዙዎች እንደ ብልሃት ያዩታል። በአሜሪካ ሕግ ቪዛ ለማግኘት ሆን ብሎ የሐሰት ቃል ወይም ሰነድ ያቀረበ ሰው ለዘለቄታው ሊከለከል ይችላል። ከዚህ ይልቅ ግን የሚያሳዝነው ልጁ ከወላጆቹ እጅ የተቀበለው የመጨረሻው ትምህርት ሐሰት መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ በባዕድ አገር «በእውነት ኑር» ብንለው በምን አፋችን?

2. ምን ያህል እንደሚያስወጣ

ብዙ ቤት ውስጥ አባት ያውቃል፣ እናት ትገምታለች፣ ልጁ ምንም አያውቅም። ይህ ትክክል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ የተማሪ ቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር፣ ሴቪስ የሚባለው የተማሪዎች ምዝገባ ደግሞ 350 ዶላር ያስከፍል ነበር፤ በድምሩ 535 ዶላር። ቪዛው ቢከለከል የማመልከቻው ክፍያ አይመለስም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር ወደ 57 ብር ነበር፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከ100 ብር አለፈ። በ30 ሺሕ ብር አካባቢ ያልቅ የነበረው ክፍያ ከ53 ሺሕ በላይ ሆነ ማለት ነው። ይህ እንግዲህ ቲኬት ሳይቆረጥ፣ የቋንቋ ፈተና ሳይቆጠር ነው።

እዚህ እኛ ዘንድ ብር የሚቆጠረው በፍየል ነው። የአበርገሌ ፍየል ድርቅ በመቻሏ በአገር የታወቀች ናት፤ ለብዙ ቤት የልጆች ወተትም፣ የክፉ ቀን መጠባበቂያም እሷው ናት። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ድርቅ ከብቱ ሲያልቅ ፍየል የተረፈላት እናት ይህን ታውቃለች። ለአንዱ ልጅ ጉዞ የሚሸጡት ፍየሎች የታናናሾቹ ወተት ናቸው። ሽጡ ወይም አትሽጡ አልልም፤ ያ የናንተ ውሳኔ ነው። ግን ስንት እንደሚሸጥ፣ ስንት እንደሚቀር፣ ብድር ካለ ማን እንደሚከፍለው ሳይሄድ በፊት በወረቀት ላይ ይታይ። ልጁም ይየው፤ እንዲያመሰግን እንጂ እንዲሸማቀቅ አይደለም።

3. ወረቀቱን ልጁ ራሱ ይሩጥበት

ሰነድ ማውጣት አሰልቺ ነው፤ ቢሆንም ከሁሉ የተሻለ ትምህርት ቤት ነው። የልደት ምስክር ወረቀት ከወሳኝ ኩነት፣ የፋይዳ መታወቂያ፣ ፓስፖርት ከኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት፣ የትምህርት ማስረጃ ከትምህርት ቤት፣ የብሔራዊ ፈተና ውጤት፣ ከዚያም ማረጋገጫዎቹ። በጦርነቱ መዝገቡ የጠፋበት ተማሪ ካለ ደግሞ የበለጠ ጊዜ ያስፈልገዋልና ቢያንስ አንድ ዓመት ቀድማችሁ ጀምሩ።

ሁለት ነገር በተለይ ተጠንቀቁ። የመጀመሪያው ስም ነው። ኪዳነ ማርያም በአንዱ ሰነድ አንድ ቃል፣ በሌላው ሁለት ቃል ሆኖ በላቲን ፊደል ከተጻፈ ለባዕድ ሰው ሁለት ሰዎች ናቸው። ሁሉም ሰነድ እንደ ፓስፖርቱ ፊደል በፊደል አንድ ይሁን። ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። በ2000 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የ2007 ወይም የ2008 ልጅ ናት። ሳይለወጥ «2000» ተብሎ ከተጻፈ ሰባት ስምንት ዓመት ታረጃለች፤ የዕድሜ ገደብ ያለበት ዕድልም ያመልጣታል።

ታዲያ ይህን ሁሉ አባት ብቻውን እየሮጠ ከጨረሰው ልጁ ምን ተማረ? መስኮት ላይ ቆሞ መጠየቅ፣ «ነገ ተመለስ» ሲባል ነገ መመለስ፣ ስሕተት ሲያይ በትሕትና ማሳረም፤ እነዚህ በሚሄድበት አገር በየሳምንቱ የሚያስፈልጉት ናቸው። ከኋላው ቁሙ፣ ከፊቱ ግን አትቅደሙ። ወጥ መሥራት፣ ልብስ ማጠብ፣ የወር ገንዘብን ለአራት ሳምንት ማካፈል፤ ይህም ለወንዱም ለሴቷም ነው። ለብቻው ቀበሌ ሄዶ የማያውቅ ልጅ ለብቻው ኢስታንቡል መውረድ የለበትም።

4. ያልተነገረው ውል

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በብዙ ቤተሰብ ውስጥ ማንም ያልፈረመው፣ ማንም ጮክ ብሎ ያላነበበው አንድ ውል አለ። «አንተ ትሄዳለህ፤ እኛ ሁሉን እንከፍላለን፤ አንተ ደግሞ ታወጣናለህ» ይላል። ወላጅ ይህን አይናገርም። ግን ጎረቤት ይናገራል፣ አጎት ይናገራል፣ በሽኝቱ ቀን የሚቀርበው ምርቃት ሳይቀር ይናገራል። ልጁም ሰምቶ ይፈርማል።

በአውሮፓ በነጻ የትምህርት ዕድል የሚማር አንድ ወጣት ለእኔና ለባለቤቴ ያካፈለንን ልንገራችሁ። ከተሰጠው የወር ገንዘብ ላይ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ወደ ቤት ይልክ ነበር። ማንም አልጠየቀውም። እናቱ ስትደሰት ሰማና ማቆም አቃተው። ለመላክ ሲል ሌሊት መሥራት ጀመረ። በሁለተኛው ሴሚስተር ሁለት ትምህርት ወደቀ። ለቤተሰቡ አልተናገረም፤ ብሩን ግን መላኩን ቀጠለ። እናቱ በየጉባዔው ስለ ልጇ ታመሰግን በነበረበት ወራት እሱ ከትምህርቱ ሊባረር ተቃርቦ ነበር።

ሰዎች «ስኮላርሺፕ» ሲሉ ደመወዝ ይመስላቸዋል። አይደለም። ለምሳሌ የሃንጋሪው ዕድል ለመጀመሪያና ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ የቆየው የወር ገንዘብ 43,700 ፎሪንት ነው። ፕሮግራሙ ራሱ ይህ መደገፊያ እንጂ ሙሉ ወጪውን የሚሸፍን እንዳልሆነ ያስታውቃል። ከዚያ ላይ የሚላክ ገንዘብ ከልጁ ምግብ የተቀነሰ ነው።

ስለዚህ ይህ ውል ወደ ብርሃን ይውጣ። አንድ ማታ እናት፣ አባትና ልጅ ብቻችሁን ተቀመጡ። ጸልዩ። ከዚያም እነዚህን ሦስት ነገሮች ወላጆች በአፋችሁ ተናገሩ።

የመጀመሪያው፦ «በትምህርት ላይ ሳለህ ምንም እንድትልክ አንጠብቅም።» ቤታችሁ እውነት ችግር ላይ ከሆነና ከልጁ የምትጠብቁት ካለ ደግሞ መጠኑንና ጊዜውን ንገሩት፤ ያልታወቀ ዕዳ ከታወቀው ይከብዳልና።

ሁለተኛው፦ «ብትወድቅ ከሌላ ሰው ሳይሆን ካንተ እንስማ፤ አንቆጣም።» አንቆጣም ካላችሁ አትቆጡ።

ሦስተኛው፦ «ሳትጨርስ ብትመለስም በሩ ክፍት ነው።» ይህን መናገር ልጁን ያሰንፈዋል ብለው የሚፈሩ አሉ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ያለውን ልጅ አስቡት። በዓሣማዎቹ መካከል ሆኖ መነሣት የቻለው የአባቱን ቤት ስላስታወሰ ነው። የሚመለስበት በር ያለ የማይመስለው ልጅ ከመመለስ ይልቅ መጥፋትን ይመርጣል።

ልጁም በተራው ቃል ይግባ። የትምህርት ውጤቱን በየሴሚስተሩ ያሳይ፤ ትምህርቱን ለመተው ሲያስብ ሳይተው በፊት ይደውል።

5. «ደኅና ነን» እና መርዶ

ስልክ ሲደወል ሁለታችንም አንድ ቃል አለን፤ «ደኅና ነን»። እናት ታማ ደኅና ናት። ልጅ ተርቦ ደኅና ነው። በጦርነቱ ጊዜ ስልክ ተቋርጦ የልጆቻቸውን ድምፅ ለወራት ያልሰሙ የኛ አካባቢ እናቶች አንድ ነገር ያውቃሉ። ድምፅ መስማት ራሱ ጸጋ ነው። እንግዲህ ድምፁ ካለ እውነቱም ይኑርበት። የተወሰነ ቀንና ሰዓት ያዙ፤ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ለብዙዎች ይመቻል። በዚያ ሰዓት አባትም ይናገር። «እናትህ ትነግርሃለች» ብሎ ስልኩን የሚያቀብል አባት ልጁን በዓመቱ ያጣዋል።

ሐና ሳሙኤልን ለእግዚአብሔር ከሰጠች በኋላ በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት ነበር (1ኛ ሳሙ. 2)። አስቡት፤ የዓምናው ለዘንድሮ አይበቃውም። ልጇ ማደጉን እየለካች ነበር የምትሰፋው። እኛም በአሥራ ስምንት ዓመቱ የሸኘነውን ልጅ በሃያ አንድ ዓመቱ እንደ ድሮው ብናናግረው ቃላችን ይጠበዋል።

ከሁሉ የሚከብደው የመርዶ ጉዳይ ነው። በባህላችን ሞት በድንገት አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሌሊት ሊነጋጋ ሲል፣ የሚይዘው ሰው አጠገቡ ሆኖ ነው ሰው የሚረዳው። ይህ ትልቅ ጥበብ ነው፤ ማንም ብቻውን እንዳይወድቅ የተሠራ ነው። ውጭ አገር ላለ ልጅ ግን ይህን ጥበብ ወደ መደበቅ ለውጠነዋል። አያቱ ካረፉ ስድስት ወር አልፎ «ትንሽ አሟቸዋል» እንላለን። ልጁም አንድ ቀን ከማያውቀው ሰው ፌስቡክ ላይ የሐዘን ጽሑፍ ያነባል፤ በዚያች ክፍል ውስጥ ብቻውን። ከዚያ በኋላ «ደኅና ነን» ብንለው አያምነንም።

ስለዚህ ይህንንም ሳይሄድ ጠይቁት። «እንዲህ ያለ ነገር ቢመጣ እንዴት ልንነግርህ ትወዳለህ?» በሉት። በሚኖርበት ከተማ አንድ የታመነ ሰው ይምረጥ፤ መጋቢ፣ ሽማግሌ ወይም ጓደኛ ሊሆን ይችላል። ክፉ ወሬ ሲኖር ቤተሰብ መጀመሪያ ለዚያ ሰው ይደውላል፤ ያ ሰው ከአንድ ሌላ ወዳጅ ጋር ሄዶ ይረዳዋል፤ አብረውትም ያድራሉ። በፈተና ሳምንት ከሆነ ጥቂት ቀን መጠበቅ ይቻል ይሆናል፤ ወራት ግን አይቻልም። እንዲህ ከሆነ የአባቶቻችን ጥበብ ባሕር ይሻገራል።

6. የሚገባበት ክፍልና የሚጠራበት ስም

እኛ ልጆቻችንን በመምህር ፊት ዓይናቸውን እንዲሰብሩ፣ ሳይጠየቁ እንዳይናገሩ አሳድገናል። መልካም ነው። በብዙ የውጭ ትምህርት ቤቶች ግን የማይጠይቅ ተማሪ ያልገባው ወይም ግድ የሌለው ይመስላል። መምህሩን መጠየቅ ድፍረት እንዳልሆነ ከቤት ይጀምርለት፤ በማዕድ ላይ ሐሳቡን ጠይቁት፣ ሲቃወም አድምጡት። ከመጽሐፍ እንዳለ ገልብጦ ማቅረብም በዚያ እንደ ስርቆት የሚቆጠርና ሊያስባርር የሚችል መሆኑን ይወቅ።

ቋንቋ የሚያስፈራው ልጅ ደግሞ አይዞህ ይባል። የዋግ ልጅ ቤቱ በኽምጣና ተናግሮ፣ ትምህርት ቤት በአማርኛ ተምሮ፣ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ በእንግሊዝኛ ይፈተናል። ወደ ቱርክ ወይም ወደ ቻይና ሲሄድ የሚማረው አራተኛ ቋንቋውን ነው። ቋንቋ መማርን ለምዶ ነው የሚሄደው። የቤቱን ቋንቋ ግን እንዳይጥል፣ በስልክ በዚያው አናግሩት። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ገና ሕፃን ሳሉ በእንግሊዝ መኮንን እጅ ወደ ሕንድ ተወሰዱ። በዚያ አድገው ሐኪም ሆኑ። ከአድዋ ድል በኋላ ወደ አገራቸው ሲመጡ አማርኛው ጠፍቶባቸው ነበርና እንደ አዲስ ተማሩት። እሳቸው በወዳጅ ዘመድ የተላኩ አልነበሩም፤ በስልክ የሚያናግራቸውም አልነበረም። እኛ ግን አለን።

የስም ነገርም አለ። በውጭ አገር የመጨረሻው ስም የቤተሰብ ስም ተደርጎ ስለሚቆጠር ልጃችሁ በአያቷ ስም ትጠራለች። ዳንኤልም በባቢሎን በሌላ ስም ተጠርቷል፤ የከለዳውያንን ቋንቋና ጽሕፈት ሦስት ዓመት ተምሯል (ዳን. 1)። ትምህርቱን አልሸሸም፣ ከሌሎቹም በልጦ ተገኘ። አንድ ነገር ግን በልቡ አስቀድሞ ቆርጦ ነበር፤ ብቻውንም አልነበረም፣ ሦስት ጓደኞች ነበሩት። ከልጃችሁ ጋር ስትነጋገሩ ረጅም የክልከላ ዝርዝር ከመስጠት ይልቅ «አንተ ራስህ የቆረጥህበት ነገር ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ጓደኞቹንም አስቀድሞ ይፈልግ። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ትላልቅ ከተሞች የኢትዮጵያውያን ወንጌላውያን ጉባዔዎች አሉ። በሌላ ስፍራም የአገሩ ቤተ ክርስቲያን አለ። የሸኘችው ጉባዔ ኬክ ቆርሳና ጸልያ ብቻ አትተወው፤ የምስክርነት ደብዳቤ ትጻፍለት፤ የሚቀበለውንም ቤተሰብ በስም ትፈልግለት።

7. ቤት የሚቀሩት

ታላቅየው ሲሄድ ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ነው። ፍየል የምትጠብቀው ታናሽ እህት ግን ታያለች። የሱ ውጤት ይነበባል፣ የሷ ይረሳል። ዮሴፍን የወንድሞቹ ጠላት ያደረገው የአባቱ ፍቅር አድልዎ ነበር። ለሚቀሩት ልጆች የየራሳቸው ተራና ድርሻ እንዳላቸው ንገሯቸው፤ ደብተሯንም በዚያው ዓይን እዩላት።

ባልና ሚስትም እንዲሁ። ለዓመታት ስለ ልጁ ብቻ ሲነጋገሩ የኖሩ ጥንዶች ልጁ ሲሄድ ወሬ ያልቅባቸዋል። በዚያ ሰሞን እናት ብታለቅስ አባት «ለመልካም ነው የሄደው» ብሎ አይዝጋት። እሱም የሚያለቅስበት ጊዜና ቦታ ይኑረው።

8. ስለ መመለስ

የመጨረሻው ጥያቄ «ትመለሳለህ ወይ?» የሚለው ነው። ይህም በማስገደድ ሳይሆን በጸሎት ይነሣ። ኦነሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ለባርነት ተሸጦ፣ ምፅዋ ላይ ነጻ ወጥቶ፣ እ.ኤ.አ. ከ1876 እስከ 1881 በስዊድን ተማረ። ተምሮ ቢመጣም ወለጋ የደረሰው በ1904 ነው፤ ሃያ ሦስት ዓመት መንገድ ላይ ቆየ። በዚያ መካከል ግን ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ አዘጋጀ፤ መጽሐፉ በ1899 ታተመ። ቄስ ጉዲና ቱምሳም እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1966 በአሜሪካ ሚኒሶታ ነገረ መለኮት ተምረው ተመለሱ፤ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ሆነው አገለገሉ። በደርግ ዘመን ከአገር የመውጣት ዕድል ሲቀርብላቸው ሕዝባቸውን ጥለው አልሄዱም፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ተገደሉ።

ሁሉም እንደነሱ ይሁን ማለቴ አይደለም። የማይመለስ ልጅም እግዚአብሔርን ሊያገለግል፣ አገሩንም ሊጠቅም ይችላል። ግን ልጁ ሲሄድ አንድ ሰው፣ አንድ ስፍራ፣ አንድ ሥራ በልቡ ይዞ ይሂድ፤ «ለኒሯቅ ሐኪም መሆን» ወይም «የሳይንስ መጽሐፍ በኽምጣና መጻፍ» ሊሆን ይችላል። ለምን እንደተማረ የሚያውቅ ልጅ የት እንደሚኖርም በጊዜው ያውቃል።

በቤታችሁ ለውይይት

ሀ. ባልና ሚስት ለብቻችሁ፦ ከልጃችን በልባችን የምንጠብቀው፣ ግን ነግረነው የማናውቀው ነገር ምንድን ነው?

ለ. ከልጃችሁ ጋር፦ ብትቸገሪ በመጀመሪያ የምትደውዪው ለማን ነው? ለኛ ካልሆነ ለምን?

ሐ. ከታናናሾቹ ጋር፦ ወንድማችሁ ወይም እህታችሁ ሲሄዱ በቤታችን ምን ይለወጣል ብላችሁ ትፈራላችሁ?

መ. ለጉባዔ መሪዎች፦ ከቤተ ክርስቲያናችን ለትምህርት የወጡትን ልጆች ስም እናውቃለን? በዚህ ወር ማን ደወለላቸው?

እነዚህን ጥያቄዎች በአንድ ማታ አትጨርሷቸው። ሰነዱ እስኪያልቅ ብዙ ወራት አሉ፤ ማታ ማታ እሳቱ ዳር ጥቂት ጥቂት እያላችሁ ተነጋገሩ። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ጌታ ቤታችሁንና የምትልኳቸውን ልጆች ይጠብቅ። ቸር ያቆየን።